ማወቅ ያለብዎ፦ «ስሜን ሥር ነዳጅ አለ» ሲሉዎ፣ ብር ወይም ማሳ ከመስጠትዎ በፊት

«ነዳጅ ተገኘ» የሚል ወሬ ከወርቅና ከኦፓል ወሬ ይልቅ ይሮጣል። ብቻውንም አይመጣም። አንዱ «አክሲዮን ይግዙ» ይላል። ሌላው በወንዙ ዳር ያለ ማሳዎን ለረጅም ዘመን በውል እንዲሰጡት ይጠይቃል። ውጭ አገር ያለው ወንድም ደግሞ «ማኅበር እናቋቁም፣ ዶላሩን እኔ እልካለሁ» ብሎ ይደውላል። የደባርቅ፣ የዳባት ወይም የአምባራስ ሰው ከሆኑ፣ ወይም ዘመድ እዚያ ካለዎ፣ «እሺ» ከማለትዎ በፊት ሊያዩዋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። እኔ ብሆን በስሜን ተራሮች ሥር ባለ የነዳጅ ተስፋ ላይ አንድ ብር አላስቀምጥም። ከጣና በስተደቡብና በዓባይ ሸለቆ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሊጠና የሚገባው ነው። እዚያም ቢሆን እስካሁን ያለው ተስፋ እንጂ ምርት አይደለም።

የቆሙበት ድንጋይ

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወርዱ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የጠረገው የሊማሊሞ መንገድ ገደሉን እየቆረጠ ይወስድዎታል። ከመኪናው ወርደው ግድግዳውን በቅርብ ይዩት። ጥቁር ንጣፍ፣ በላዩ ቀላ ያለ ቀጭን መስመር፣ እንደገና ጥቁር ንጣፍ፣ እንዲያ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። ጥቁሩ ቀልጦ የፈሰሰ ባሳልት ነው። ቀዩ መስመር በሁለት ፍሰቶች መካከል ባለው የዕረፍት ጊዜ አፈር ሆኖ የቆየና ቀጣዩ ፍሰት መጥቶ የጠበሰው መሬት ነው። በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚያብረቀርቁ ነጫጭ ፍሬዎችም ያገኛሉ። ጋዝ አረፋ ሠርቶበት በነበረው ባዶ ቦታ በኋላ ውሃ ገብቶ ያስቀመጠው ዚዮላይት የሚባል ማዕድን ነው። ልጆች ለቱሪስት የሚያሳዩት «ክሪስታል» ብዙ ጊዜ እሱ ወይም የሱ ዘመድ ነው።

ይህ ክምር በሊማሊሞ በኩል ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይወፍራል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ከዚሁ ገደልና ከወሎ ወገል ጤና ናሙና ወስደው ዕድሜውን ሲለኩ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ አገኙት። አብዛኛውም የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ግድም ውስጥ ነው፤ በምድር ዕድሜ ሲታይ ይህ ቅጽበት ነው። በላዩ የስሜን ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ ተከመረ። ቧሂትና ራስ ደጀን፣ የአምባራስ ዙሪያ ገደሎችም ሁሉ በዝናብና በበረዶ ተፈልፍሎ የቀረ የዚያ ተራራ አካል ናቸው።

ለውሳኔዎ የሚጠቅመው ነጥብ አጭር ነው። ባሳልት ነዳጅ አይወልድም። ነዳጅ የሚገኘው በባሕር ወይም በሐይቅ ወለል ላይ ከሞቱ ጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት ነው። ቅሪቱ ከጭቃ ጋር ተቀብሮ፣ ሚሊዮን ዓመታት በሙቀት ሲበስል ዘይትና ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው ከስሜን ጥቁር ድንጋይ አምጥቶ «ይኸው ነዳጅ ያለበት» ቢልዎ እጁ ላይ ያለው ነገር ስለ ነዳጅ ምንም አይነግርዎትም። ጥያቄው ከላቫው በታች ምን ተቀብሯል የሚል ነው።

ከላቫው በታች

ከደባርቅ አዲስ አበባ በደጀን በኩል የተጓዘ ሰው መልሱን በአውቶቡስ መስኮት አይቶታል፤ እንቅልፍ ካልወሰደው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ላይኛው እንደ ስሜን ያለ ባሳልት ነው። ከዚያ በታች ሲሚንቶ የሚሠራበት የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከሱ በታች ነጭ ጂፕሰምና የጭቃ ድንጋይ፣ ወደ ወንዙ ሲጠጉ ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። በዚህ ሸለቆ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት የታችኛው የአሸዋ ድንጋይ 300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጂፕሰምና ጭቃ ያለበት ክፍል 450፣ የኖራ ድንጋዩ 400፣ በአንዳንድ ቦታ ከሱ በላይ የሚመጣው የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ 280 ሜትር ያህል ነው። ድምሩ ወደ 1.4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ታሪኩም በቅደም ተከተሉ ላይ ተጽፏል። ጎንድዋና የሚባለው ታላቅ አህጉር መሰንጠቅ ሲጀምር የዛሬው ኢትዮጵያ መሬት ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በተዘረጉ መስመሮች እየተለጠጠ ሰመጠ። የሰመጠውን ወንዞች በአሸዋ ሞሉት። በጁራሲክ ዘመን ባሕር ከምሥራቅ ገባ። ጥልቀት ባልነበረው ቦታ ውሃው እየተነነ ጂፕሰም አስቀመጠ፤ ባሕሩ ሲጠልቅ የኖራ ድንጋዩ ተነጠፈ። በክሬቴሸስ ዘመን ባሕሩ ወጣ፣ ወንዞችም ተመልሰው አሸዋቸውን አፈሰሱ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ያ የ30 ሚሊዮን ዓመቱ ላቫ ሁሉንም ሸፈነ። መሬቱ ሲነሳም ዓባይ ቁልቁል እየቆረጠ የተሸፈነውን ገለጠው።

አሁን ወደ ሰሜን እንሂድ። በመቀሌ ዙሪያ ያው የኖራ ድንጋይ እስከ 800 ሜትር ይወፍራል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ አድዋና አክሱም ሲሄዱ ግን ይጠፋል፤ ባሳልቱ በቀጥታ በአሸዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያገኙታል፣ አሸዋውም ራሱ ስስ ነው። ወደ ወልቃይትና ሁመራ ቆላ ሲዘልቁ ደግሞ ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው መሠረት አለት ፊት ለፊት ይወጣል። በመሠረት አለት ውስጥ ወርቅ ይፈለጋል እንጂ ነዳጅ አይፈለግም። ስሜን ያለው በዚህ በሚሳሳው ጠርዝ ላይ ነው። መጀመሪያ የተናገርኩት ፍርድ የመጣውም ከዚህ ነው።

ለሰሜን ጎንደር ሰው ቅርብ የሆነው እውነተኛ ጉዳይ ጣና ነው። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት ከሐይቁ በስተደቡብና በስተምሥራቅ ማግኔቶቴሉሪክ በሚባል ዘዴ፣ ማለትም የምድርን ተፈጥሯዊ ኤሌክትሪክና ማግኔት እየለካ፣ ከላቫው በታች የተቀበረ የደለል ተፋሰስ እንዳለ አሳይቷል። የደለሉ ውፍረት በአማካይ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ተገምቷል፤ በአንዳንድ ቦታም ከዚያ በጣም ይበልጣል። ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ነገር ግን መሣሪያው የለካው ድንጋዩ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። ጨዋማ ውሃ የሞላው አሸዋም በደንብ ያስተላልፋል። «ተፋሰስ ተገኘ» እና «ነዳጅ ተገኘ» የሚሉትን ሁለት ዜናዎች ሆን ብሎም ይሁን ሳያውቅ የሚያቀላቅል ሰው ብዙ ነው፤ እርስዎ አይቀላቅሏቸው።

ለሚያባብልዎ ሰው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

ባለሙያ የሚባል ሰው ካጋጠመዎ «እናት ድንጋዩ፣ ማለትም ዘይቱ የተወለደበት ድንጋይ፣ የትኛው ነው?» ብለው ይጀምሩ። በኦጋዴን ቢጠየቅ መልስ አለው፤ ቦክ እና ዋራንዳብ የሚባሉትን ጥቁር የጭቃ ድንጋዮች በስማቸው ይጠራልዎታል። በስሜን ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው አላጋጠመኝም።

ቀጥለው «በቂ ሙቀት አግኝቷል ወይ?» ይበሉ። ዘይት የሚበስለው ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ባለ ሙቀት ሲሆን፣ ይህም ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ማለት ነው። የኦጋዴን ደለል በአንዳንድ ቦታ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ስለሚወርድ እዚያ ሙቀት ችግር አይደለም። በዓባይ ደለሉ ስስ ቢሆንም በላዩ የተጫነው ባሳልት ያግዘዋል። ባሳልቱ ግን ሁለት ፊት አለው። ወደ ላይ ሲወጣ በደለሉ ውስጥ ያለፈው ቅልጥ ድንጋይ በየመንገዱ የነካውን ከልክ በላይ ጠብሶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ዘይቱን የሚይዝ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ያስፈልጋል። አሸዋው ለዚህ ይሆናል፤ በዚህ በኩል እምብዛም አንጨነቅም። አስቸጋሪው ክዳኑ ነው። ጠላ የተጠነሰሰበት ጋን አፉ በጭቃ ካልተመረገ እንደሚበላሽ ሁሉ፣ ዘይትም በላዩ የማያሳልፍ የጭቃ ድንጋይ ወይም ጂፕሰም ከሌለ ወደ ላይ እየሾለከ ያልቃል። ዓባይ ሸለቆውን እስከ መሠረቱ ቆርጦ መክፈቱ ለተመልካች ድንቅ ቢሆንም ለዘይት ፈላጊ መጥፎ ዜና ነው፤ የተቆረጠ ክዳን አይዘጋም። በደቡብ ወሎ በወረኢሉ አካባቢ የተፈጥሮ ዘይት ፍንጣቂ እንዳለ በጂኦሎጂ ጽሑፎች ተመዝግቧል። ይህን የሚያነሱ ሁሉ ለማስረጃነት ነው የሚያነሱት፤ ልክ ናቸው፣ ከሥር ዘይት ያበሰለ ነገር አለ ማለት ነው። ግን ያው ፍንጣቂ ዘይቱ እየወጣ መሆኑንም ይናገራል። ምን ያህል እንደቀረ የሚያውቀው ቁፋሮ ብቻ ነው።

የጊዜው ጉዳይ ደግሞ አለ። ወጥመዱ፣ ማለትም ዘይቱን የሚይዘው ድንጋይ ከነክዳኑ፣ መዘጋጀት ያለበት ዘይቱ ከመፍለሱ በፊት ነው። መሬቱ ዘግይቶ ስለተነሳና ስለተሰነጠቀ በሰሜን ምዕራብ ይህ ጥያቄ ከባድ ነው።

ለፍትሐዊነት ያህል፣ ባሳልት አለ ማለት በቃ አለቀ ማለት አይደለም። በሕንድ ጉጃራት የፓድራ መስክ ዘይት የሚወጣው ከራሱ ከተሰነጣጠቀው የደካን ባሳልት ውስጥ ነው፤ ዘይቱ ግን የተወለደው ባሳልቱ ውስጥ ሳይሆን ከጎኑና ከላዩ ባለው ወፍራም ደለል ነው። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ምዕራብ በ2004 (እ.ኤ.አ.) በተገኘው የሮዝባንክ መስክም ዘይቱ ያለው በላቫ ንጣፎች መካከል ባለ አሸዋ ውስጥ ነው። «የሕንድን አላዩም?» የሚልዎ ካለ፣ ያንን ያህል ደለል ያሳይዎ።

በምንጭ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር

ብዙ ወሬ የሚነሳው ከዚህ ነው። በደጋው ረግረግ፣ በበጋ ውሃ በቆመበት ሣር ሥር፣ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ይታያል። ሰው ጎንበስ ብሎ ያሸታል፣ በስልክ ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶው ይዞራል። ቀጭን እንጨት ይውሰዱና ቅባቱን መሃል ለመሃል ይክፈሉት። እንደ ስስ ብርጭቆ ተሰባብሮ፣ ጠርዙ የሾለ ቁርጥራጭ ሆኖ ተለያይቶ ከቀረ ብረት የሚመገቡ ባክቴሪያዎች የሠሩት ነው። ብዙ ጊዜ አጠገቡ ዝገት የመሰለ ብርቱካናማ ደለልም ይኖራል። እንጨቱ ካለፈ በኋላ እንደገና ተሳስቦ ከገጠመ ግን ዘይት ነው፤ ያኔም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከላይ የቆመ መኪና ወይም የእህል ወፍጮ ሞተር ነው። ባሳልት ውስጥ ብረት ሞልቷል፤ በስሜን ረግረግ ይህ የባክቴሪያ ቅባት ባይታይ ነበር የሚገርመው።

ሌላው የሚያሳስት የሚነድ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከጎንደር በስተምዕራብ በጭልጋ የድንጋይ ከሰል አለ። ከ27 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ካላቸው የእንስሳት ቅሪቶች ጋር በላቫዎቹ መካከል በነበረ ረግረግና ደን የተፈጠረ ነው። ከሰል መሆኑ እውነት ነው፣ ዋጋም አለው፤ ከዕፅዋት የመጣና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ግን ከሥሩ ድፍድፍ ነዳጅ አለ የሚል ምልክት አይደለም።

«ሱዳን ካለው እኛስ?»

በመተማ በኩል ድንበር ስለምንጋራ ይህ ክርክር በየሻይ ቤቱ አለ። የሱዳንና የደቡብ ሱዳን ነዳጅ የሚገኘው በሙግላድና በመሉት ተፋሰሶች ነው። በክሬቴሸስ ዘመን የተሰነጠቁና በብዙ ኪሎ ሜትር የሐይቅ ደለል የተሞሉ ስምጦች ናቸው፤ ሼቭሮን የተባለው ኩባንያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገብቶ ነው ያገኛቸው። ነዳጅ የአገር ድንበርን አይከተልም፤ ስምጡን ነው የሚከተለው። የዚያ ስምጥ ቅጥያ ይሆናል የተባለው የኛ ጋምቤላ ነበር። ፔትሮናስ የተባለው ኩባንያ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ጅካው ላይ ቆፍሮ ደረቅ ሆኖበት ሄደ። የኬንያ ቱርካና ነዳጅ ከተሰማ በኋላም ቱሎው የተባለው ኩባንያ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በኦሞ ሳቢሳ ላይ ቆፈረ። የዘይት ምልክት ታየ፣ ለገበያ የሚሆን ግን አልተገኘም። ከስሜን እጅግ የተሻለ ተስፋ የነበራቸው ቦታዎች ናቸው እነዚህ።

ዕድሜዎን ያስሉ

ተገኘ እንበል። ከዚያስ? ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኦጋዴን ካሉብ ጋዝ ያገኘው በ1965 ዓ.ም. ገደማ ነው። አብዮት መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ የሶቪየት ባለሙያዎች መጥተው ቆፈሩ፣ ሄዱ። በ2006 ዓ.ም. ፖሊ ጂሲኤል ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር ውል ተፈረመ። ሰኔ 2010 ዓ.ም. የሙከራ ድፍድፍ ዘይት ወጣ ተብሎ አገር ደስ አለው። ከአራት ዓመት በኋላ የማዕድን ሚኒስቴር የኩባንያውን ፈቃድ ሰረዘ። የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያው ምዕራፍ የተመረቀው መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ጋዙ እንዳለ ከታወቀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው፣ ያውም ጥርጥር በሌለበት ቦታ። በኡጋንዳ አልበርት ሐይቅ ዘይት ከተገኘበት ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተቆጠረውን ዓመትም ያስቡት።

«በሦስት ዓመት ትርፍ እንከፍላለን» የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ወረቀቱ ራሱ መስክሮበታል።

በዚሁ ተስፋ ልጅዎን «ፔትሮሊየም ይማር» ብለው ከሆነ፣ ጂኦሎጂ ያስተምሩት። የከርሰ ምድር ውሃ፣ የመንገድ ሥራ፣ የሊማሊሞን የመሰለ የናዳ ቦታ፣ ኦፓል፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው።

ብሩና ማሳው

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬትም ሆነ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ፔትሮሊየምን በተመለከተ ከአዋጅ ቁጥር 295/1978 ጀምሮ ፍለጋም ሆነ ምርት የሚካሄደው ከመንግሥት ጋር በሚደረግ ስምምነት ነው። ስለዚህ «ነዳጅ ያለበት መሬት» የሚሸጥልዎ ሰው የሌለውን ነው የሚሸጥልዎ። እርስዎም አረንጓዴው የይዞታ ደብተር በእጅዎ ቢኖርም የማሳው ባለይዞታ ነዎት እንጂ የሥሩ አይደሉም። ማሳዎን ዛሬ በርካሽ የሚከራይዎ ሰው ሐሳቡ ነዳጁ ላይ ሳይሆን ነገ በሚመጣ ካሳ ላይ ሊሆን ይችላል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ ካሳው የሚታየው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በኋላ በተደረጉበት ማሻሻያዎች ነው፤ ውል ከመፈረምዎ በፊት የወረዳውን መሬት አስተዳደር «ካሳ ቢመጣ የማን ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም በውሉ ውስጥ ያስጽፉት።

አክሲዮን ከሆነ ሁለት ወረቀት ይጠይቁ። አንደኛው ከማዕድን ሚኒስቴር የተሰጠ፣ ቦታው በኮኦርዲኔት የተገለጸበት የፍለጋ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው፣ አክሲዮኑ ለሕዝብ የሚሸጥ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የጸደቀ ፕሮስፔክተስ (የሽያጭ መግለጫ ሰነድ) ነው። «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ካገኙ ብሩም በሂደት ላይ ይሁን። ዶላር ለሚልክ ዘመድም ይኸው ነው፤ በሰው ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ የሚሰበሰብ «የነዳጅ ማኅበር» ገንዘብ ቢጠፋ ከማን ይጠይቁታል?

ለአምባራስ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ለመውጣቱም በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል። ዩኔስኮ የነዳጅ ፍለጋና የዓለም ቅርስነት አብረው አይሄዱም የሚል ግልጽ አቋም አለው፤ ሼልና ቶታልን የመሰሉ ኩባንያዎችም በዓለም ቅርስ ውስጥ ላለመቆፈር ቃል ገብተዋል። በፓርኩ ክልል «ቁፋሮ ሊጀመር ነው» ሲባሉ ይህን ይጠይቁ።

አጥኚዎች ማሳዎ ላይ ከመጡ

ጥናት ከነዳጅ ወሬ ጋር አይምታታብዎ፤ ጥናቱ ይጠቅማል፣ ቢያንስ ውሃ የት እንዳለ ያሳያል። የስበት መለኪያ የያዘ ሰው ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ይሄዳል። ማግኔቶቴሉሪክ የሚለኩት ትንንሽ ጉድጓድ ቆፍረው ሸክላ መሰል መለኪያ ይቀብራሉ፣ ሽቦ ይዘረጋሉ፣ ያድራሉ። ሳይዝሚክ (መሬቱን አንዝሮ የሚለካ ጥናት) ከሆነ ግን ከባድ መኪና ወይም ፈንጂ አለበት፣ ሰብል ይረገጣል። ለማንኛውም በዞኑና በወረዳው በኩል ያለፈውን ደብዳቤ ይዩ፤ ከመግባታቸው በፊት ማሳውን ከነሰብሉ ፎቶ ያንሡ፤ የሚፈርሙት ወረቀት ካለ ቅጂው ሳይደርስዎ አይፈርሙ። ሌሊት ሽቦው ተዘርግቶ ካደረ ደግሞ ከብቶቹን ወደዚያ አይልቀቁ፤ ላም ሽቦ ማኘክ ትወዳለች፣ እነሱም የሌሊቱን ልኬት ከሀ ጀምረው ሊደግሙ ነው።